የነጩ ፍርፋሪ ነገር፤ በአንድ የኤንጂኔሪንግ ትምህርት ቤት ስለ ተገኙ የቅርብ ጊዜ ውጤቶች

ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ወሬ የማይደርስበት ሳምንት የለም። ወሬው ሁሉ «ታላቅ ግኝት» የሚል ስም ተሸክሞ ስለሚመጣ አንባቢው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል፤ ከተቸገረም በኋላ ወይ ሁሉን ያምናል፥ ወይ ሁሉን ይንቃል። ሁለቱም ለተማሪም ሆነ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ፊርማውን ለሚያኖር ወጣት ሹም አይበጁም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ትምህርት ቤት ብቻ መርጠን፥ በቅርብ ዓመታት ከዚያ የወጡትን ጥቂት ሥራዎች ቀረብ ብለን ልንመለከት አስበናል። ይኸውም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በኬምብሪጅ ከተማ የሚገኘው፥ በአጭሩ ኤምአይቲ እየተባለ የሚጠራው ተቋም የኤንጂኔሪንግ ትምህርት ቤት ነው። ተቋሙ የቆመው በ1861 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ሮቦትና ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ የሚሠራውን ለሌላ ቀን እንተወዋለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ኖራ፥ ስለ ጥቀርሻና ስለ ጨዋማ ውሃ ነው።

ሮማውያን ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት የሠሩት ፓንቴዎን የተባለው ቤተ ጣዖት ዛሬም በሮማ ከተማ መካከል ቆሟል። ጉልላቱ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ነው፤ በዓለም ላይ ብረት ሳይገባባቸው ከተሠሩት የኮንክሪት ጉልላቶች መካከል እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም። በእኛ ዘመን የተሠራ ድልድይ ግን ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ተሰነጣጥቆ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ልዩነቱ ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ የሰጡት ምክንያት ሮማውያን በኔፕልስ አቅራቢያ ከፖዙኦሊ ያስመጡት የነበረው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው የሚል ነበር። ከዚሁ ኮንክሪት ውስጥ ደግሞ በሚሊሜትር የሚለኩ ነጫጭ የኖራ ፍርፋሪዎች ይታያሉ። እነዚህን የመረመረ ሁሉ አይቷቸዋል፤ ነገር ግን ግንበኛው በደንብ ሳያቦካ የቀረ ነው እየተባለ ታለፉ።

በኤምአይቲ የሲቪል ኤንጂኔሪንግ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር አድሚር ማሲች ይህ መልስ አላረካቸውም። ለግንባታው ያን ያህል የተጠነቀቀና የአሠራሩን ሥርዓት በዘመናት ብዛት ያሻሻለ ሕዝብ፥ በመጨረሻ አቡክቶ መጨረስ ያቅተዋል ማለት እንዴት ይሆናል? እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በኢጣልያ ፕሪቬርኑም ከተባለው ጥንታዊ ሥፍራ ከከተማው ግንብ ቁራጭ ወስደው ቢመረምሩ፥ ነጩ ፍርፋሪ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ የተፈጠረ ሆኖ አገኙት። የጥንት ጸሐፊዎች ኖራው አስቀድሞ በውሃ ይበርድ እንደ ነበረ ጽፈዋል። ፍርፋሪው የመሰከረው ግን ሌላ ነው፤ ግንበኞቹ ከእሳት ወጥቶ ውሃ ገና ያልነካውን ኖራ ከዐመዱ ጋር በደረቁ ቀላቅለው ውሃውን ከዚያ በኋላ ያፈሱበት ነበር። እንዲህ ያለ ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላ ኖራ ያቃጠለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የፍርፋሪው ጥቅም የሚታየው ግድግዳው በተሰነጠቀ ጊዜ ነው። ስንጥቁ ሲሄድ በቀላሉ የሚሰበረውን ፍርፋሪ መንገዱ አድርጎ ያልፋል። በስንጥቁ የዝናብ ውሃ ሲገባ ከፍርፋሪው ካልሲየም ያሟሟል፤ የሟሟውም ተመልሶ እንደ በረዶ ድንጋይ ይረጋና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሊቃውንቱ ይህን በአሳብ ብቻ አልተዉትም። ትኩስ ኖራ የገባበትንና ያልገባበትን ኮንክሪት ሠርተው፥ ሁለቱንም ሆን ብለው ሰንጥቀው ውሃ አሳለፉባቸው። የመጀመሪያው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተደፍኖ ውሃ ማሳለፉን አቆመ፤ ሁለተኛው ከቶ አልተደፈነም። ውጤቱ በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት ወጣ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ ተራራ በቀበራት በፖምፔይ ከተማ፥ ሥራው ሳያልቅ ከቀረ አንድ የግንባታ ሥፍራ በደረቁ የተቀላቀለ የኖራና የዐመድ ክምር መገኘቱን የማሲች ቡድን አስታወቀ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንላለን። ትምህርታችንን ከጨረስን ገና ብዙ ዓመት ያልሆነን ሰዎች ስለሆንን የቤተ ሙከራው ልማድ ከአእምሯችን አልጠፋም። ስሙን መጥራት በማያስፈልገን ትምህርት ቤት፥ ከሚጠበቀው የራቀ ቁጥር በወጣ ጊዜ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ተብሎ ሲሰረዝ፥ በምትኩም ካለፈው ዓመት ደብተር የተገለበጠ ቁጥር ሲጻፍ አይተናል። የነጩ ፍርፋሪ ታሪክ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ተሰርዞ የቆየ ነገር ነበረ፤ አንድ ሰው ተመልሶ ለካው።

ይኸው የማሲች ስም ከፕሮፌሰር ፍራንዝ ዮሴፍ ኡልምና ከፕሮፌሰር ያንግ ሻኦ ሆርን ጋር በሌላም ሥራ ላይ ይገኛል፤ እርሱም በዚያው በ2023 ዓ.ም. የተገለጠው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ኮንክሪት ነው። የሚያስፈልገው ሲሚንቶ፥ ውሃና ጥቀርሻ ነው። የአገራችን ጸሐፊዎች የብራና ቀለም የሚበጠብጡበት ዓይነት ተራ ጥቀርሻ ለኤሌክትሪክ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ሲሚንቶው ሲጠነክር ውሃውን ይጠጣል፤ ጥቀርሻው ግን ከውሃ ጋር ስለማይስማማ ውሃው በተወው ክፍት ሥፍራ እየተሰበሰበ እንደ ሽቦ መረብ ይያያዛል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች በጨው ውሃ ተነክረው፥ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ነገር ከገባ ኃይል ሊያጠራቅሙ ይችላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠሩት እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያሉ ትንንሽ ነገሮች ነበሩ፤ ሦስቱ ተያይዘው አንድ ትንሽ መብራት አበሩ።

ወሬው ሲሠራጭ ግን «ቤታችን ባትሪ ሊሆን ነው» የሚል ሆነ። ቁጥሩን እንመልከት። በ2023ቱ ስሌት 10 ኪሎዋት ሰዓት፥ ማለት ለአንድ ቤት የቀን ፍጆታ የሚሆን ኃይል ለማኖር 45 ኪዩቢክ ሜትር ኮንክሪት ያስፈልግ ነበር። ይህ በየጎኑ ሦስት ሜትር ተኩል የሆነ ድፍን ክፍል ነው። በ2025 ዓ.ም. የኬሚካሉን ፈሳሽ ለውጠው ወደ 5 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አወረዱት። ይህ በእውነት ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ጥቀርሻው በበዛ ቁጥር የሚያጠራቅመው ኃይል ሲጨምር የኮንክሪቱ ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ሸክም ለሚችል ግንብ በ2023ቱ ጥናት የተገመተው ልክ ከድብልቁ 10 በመቶ ያህል ነበር። ቤት ሠሪው ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እንደማይችል ዜናው አልነገረውም፤ የሊቃውንቱ ጽሑፍ ግን ነግሮታል። የሲሚንቶ ሥራ በሰው እጅ ወደ አየር ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ያህሉን እንደሚያወጣ ካስታወስን፥ በዚህ ነገር መድከማቸው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉ ይልቅ ወደ እኛ የሚቀርብ ነው። በሜካኒካል ኤንጂኔሪንግ ክፍል ፕሮፌሰር አሞስ ዊንተርና ቡድናቸው ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃን በፀሐይ ኃይል ብቻ፥ ያለ ባትሪ የሚያጠራ መሣሪያ ሠርተው ውጤቱን በ2024 ዓ.ም. አሳተሙ። በፀሐይ የሚሠራ መሣሪያ ችግሩ ደመና ነው። ደመና ሲመጣ ኃይሉ ይወርዳል፤ ሲያልፍ ይወጣል፤ መሣሪያው ደግሞ የማይዋዥቅ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ባትሪ ይገዛል፤ ባትሪውም ያልቃል፤ መሣሪያው ቆሞ ይቀራል። የዊንተር ቡድን ነገሩን ገልብጦ፥ ፀሐዩን ለመሣሪያው ከማስገዛት ይልቅ መሣሪያውን ለፀሐዩ አስገዛው። የመረጡት ዘዴ ኤሌክትሮዲያሊሲስ ይባላል፤ በውሃው ውስጥ የሟሙትን የጨው ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ስቦ በስስ ሽፋን አሳልፎ ያስወጣቸዋል። የቀደመው መሣሪያቸው ሥራውን ከፀሐዩ ጋር የሚያስተካክለው በየሦስት ደቂቃው ነበር፤ አዲሱ በአንድ ሴኮንድ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ያስተካክላል። በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአላሞጎርዶ ጉድጓዶች ለስድስት ወር ሲፈተን በቀን እስከ 5,000 ሊትር ውሃ አጠራ፤ ከፀሐይ ሰሌዳዎቹ ከተገኘው ኃይልም በአማካይ ከ94 በመቶ በላይ የሆነውን በሥራ ላይ አዋለ።

ከዚሁ ክፍል በ2025 ዓ.ም. ከአየር እርጥበት ውሃ የሚያወጣ፥ መስኮት የሚመስል መሣሪያም ተሰምቷል። የሞት ሸለቆ በተባለው የካሊፎርኒያ በረሃ ተፈትኖ በቀን ከ57 እስከ 161.5 ሚሊ ሊትር ሰጠ። ከሁለት ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። እንደዚያ ባለ ደረቅ አገር ይህን ማግኘት ጥበብ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ ይጠጣል ከማለት በፊት ሰሌዳዎቹን መቁጠር ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ እንደሚሰጡ የታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ ሲያልፍ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፥ ለረጅም ዘመን የጠጡትም አጥንታቸው ይታመማል። ፍሎራይድ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ጠባይ ያለው ቅንጣት ስለሆነ የዊንተር ዓይነት መሣሪያ ሊስበው ይችላል። ስንት ያህሉን እንደሚያስቀር ግን የሚወሰነው በውሃው ውስጥ አብሮት ባለው ሌላ ጨው፥ በስስ ሽፋኑ ዓይነትና በኃይሉ መጠን ነው። የኒው ሜክሲኮ ቁጥር ለዝዋይ አካባቢ መልስ አይሆንም። በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ቤተ መንግሥቶች የቆሙበትም ኖራ እንዲሁ ነው፤ የፕሪቬርኑም ግንብ ስለ እርሱ ምንም አይነግረንም። ከወደቀ ፍርስራሽ የጥፍር ያህል ወስዶ፥ የቅርስ ባለ ሥልጣን ፈቃድ ሳይዘነጋ፥ በማጉያ መሣሪያ ሥር ማኖር ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በላይ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

የመሣሪያው ነጋዴ ግን ከተማሪው ቀድሞ መድረሱ አይቀርም። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ 5,000 ሊትር የሚል ቁጥር ይዞ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲገባ፥ ወጣቱ ሹም ከዋጋው አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቀው። አላሞጎርዶ ያለችው በበረሃ ውስጥ ነው። በእኛ ዘንድ ግን በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ለቀናት ላትታይ ትችላለች። በነሐሴ ወር ስንት ሊትር ይሰጣል? ያን ቁጥር የሚያመጣው ክረምቱን በዚያው ጉድጓድ አጠገብ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ለኪ ነው፤ ደመወዙም በበጀቱ ውስጥ ከመሣሪያው ዋጋ ጎን ሊጻፍ ይገባል።