ሃርፑን ሁሉም ወደደው፤ ደርዳሪውን ግን ማን አበላው?

ለዛሬ ከራሳችን ጭቅጭቅ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ወስደን ወደ አየርላንድ ጎራ እንበል። የመንግሥቷ ዓርማ የሙዚቃ መሣሪያ የሆነ አገር ቢፈለግ እርሷ ናት። ሃርፕ በፓስፖርቷ ላይ አለ፤ በዩሮ ሳንቲሟ ላይ አለ። ጊነስ የሚባለው ጥቁር ቢራ ሳይቀር ከ1862 ጀምሮ በጠርሙሱ ላይ ይለጥፈዋል። በ1876 ደግሞ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦታል። አየርላንድ በ1922 የራሷን መንግሥት ስታቋቁም ያንኑ ሃርፕ ዓርማዋ አደረገችው፤ የመንግሥቱና የቢራው ሃርፕ የሚለዩት ፊታቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ በማዞራቸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሚያይ ሰው የሃርፕ ደርዳሪዎች በዚያች አገር ተከብረው የኖሩ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። እኛ ሃርፕን ብዙ ጊዜ «በገና» እያልን እንተረጉመዋለን፤ ዘመድነታቸውም አይካድም። ነገር ግን በገናችን ሁለት ምሰሶና ከላይ ቀንበር ያለው፣ አሥሩም አውታሮች በሳጥኑ ፊት ላይ ተጋድመው የሚወጠሩበት ነው። ሃርፕ ሦስት ማዕዘን ሲሆን አውታሮቹ ከሳጥኑ ውስጥ ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ አንገቱ ይወጣሉ። አየርላንዶች በቋንቋቸው ክላርሻኽ የሚሉት የጥንቱ ሃርፕ ሳጥኑ ከአንድ የአኻያ ግንድ የተፈለፈለ፣ አውታሩም የናስ ሽቦ ነበር። ደርዳሪው ጥፍሩን አሳድጎ በጥፍሩ ይመታዋል። ሽቦው አንዴ ከተመታ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም፤ እንደ ደወል ያስተጋባል። ስለዚህ የሙያው ግማሽ መምታት ሲሆን ግማሹ ማፈን ነው። አንዱ ጣት አዲሱን አውታር ሲነካ ሌላው ጣት የቀደመውን ዝም ያሰኛል።

በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የተቀመጠውና ዓርማው የተቀዳበት ባለ 29 አውታር ሃርፕ የንጉሥ ብራየን ቦሩ ነው ይባላል። ንጉሡ የሞተው በ1014 ሲሆን ሊቃውንቱ ግን ሃርፑ የተሠራው በ14ኛው ወይም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ። እኛም ዘንድ ያረጀ ዕቃ ሁሉ ለአንድ ንጉሥ ስለሚሰጥ በዚህ አንፈርድባቸውም።

ደርዳሪው በጥንት ዘመን የባላባት ሰው ነበር። ከጌታው ማዕድ ይበላል፤ ጌታውን ያወድሳል፤ ሲሞትም ያለቅስለታል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድን የጎበኘው የዌልስ ቄስ ጄራልድ ሕዝቡን ክፉኛ ቢነቅፍም የሃርፕ ችሎታቸውን ግን ሳያደንቅ አላለፈም። እንግሊዞች በ1366 በኪልኬኒ ባወጡት ሕግ ሰፋሪዎቻቸው የአየርላንድ አዝማሪዎችን በቤታቸው እንዳያስተናግዱ ከለከሉ። ሕግ ግን የደርዳሪውን እጅ አላሰረውም። ትልቁ ጉዳት የመጣው ባላባቶቹ በ1601 በኪንሴል ጦርነት ተሸንፈው፣ የሰሜኖቹ መሳፍንት በ1607 መርከብ ተሳፍረው ወደ አውሮፓ ሲሰደዱ ነው። ጌቶቹ ሄዱ፤ ደርዳሪው ከነሃርፑ ሜዳ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ኑሮው ከቤት ቤት መዞር ሆነ። ከሁሉም ስሙ የሚነሳው ተርሎክ ኦካሮላን (1670–1738) በ18 ዓመቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። አንዲት ደግ ወይዘሮ ሃርፕ አስተምራ፣ ፈረስና መሪ ሰጥታ አሰናበተችው። ያሳደሩትን ሰዎች በስማቸው ዜማ እየሠራ ሲያመሰግን ኖሮ ከ200 በላይ ዜማ ትቶ አለፈ።

በሐምሌ 1792 ቤልፋስት ላይ ጥቂት የከተማው ሰዎች «ይህ ሙያ ከመጥፋቱ በፊት» ብለው የቀሩትን ደርዳሪዎች ጠሩ። ከመላው አየርላንድ የመጡት አሥር ብቻ ነበሩ፤ አንድ ደግሞ ከዌልስ ተጨመረ። ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና ዓይነ ስውራን ነበሩ። ኤድዋርድ በንቲንግ የተባለ የ19 ዓመት ኦርጋን ተጫዋች ተቀምጦ ዜማውን በኖታ እንዲጽፍ ተቀጠረ። ከመካከላቸው እንደ ጥንቱ በረጅም ጥፍር ሽቦውን የሚመታው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እርሱም ዴኒስ ሄምፕሰን ሲሆን ዕድሜው ያኔ 97 ነበር ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። በእነዚያው ቀናት የነጻነት ታጋዩ ዎልፍ ቶን ቤልፋስት ነበር። ድርጅቱ፣ የተባበሩት አየርላንዳውያን ማኅበር፣ ዓርማው ሃርፕ ነበር። ቶን ግን ደርዳሪዎቹን ሲሰማ ተሰላችቶ በማስታወሻው ላይ ምሬቱን ጽፏል። ቀድሞ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሃርፕን በሳንቲም ላይ ቀርጾታል፤ በኋላ ዐመፀኞቹ በሰንደቃቸው ላይ አደረጉት፤ ከዚያ ነጋዴው በቢራው ላይ ለጠፈው። ንጉሡም፣ ዐመፀኛውም፣ ነጋዴውም ሥዕሉን ተሻሙበት። ሽማግሌው ሄምፕሰን ግን በ1807 ሲሞት ጥፍሩን የሚወርስ ተማሪ አልነበረውም።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። በንቲንግ ዜማዎቹን በ1796፣ በ1809ና በ1840 በሦስት መጽሐፍ አሳትሟል። እውነትም ዜማው ተወረሰ። ነገር ግን ያሳተመው ለፒያኖ አመቻችቶ ነው። የትኛው ጣት ሲመታ የትኛው እንደሚያፍን ከኖታው ላይ አይነበብም። የጣቱ አጠቃቀም ጥቂት ማብራሪያ ያገኘው በመጨረሻው መጽሐፍ ነው፤ ያኔም የሚያሳይ እጅ አልነበረም።

ሃርፕ ራሱ ግን አልሞተም። በ1820 ገደማ ጆን ኢጋን የተባለ የደብሊን ሠሪ ከአንጀት የተሠራ አውታር ያለው ትንሽ ሃርፕ አወጣ፤ ለሳሎን ወይዛዝርት የሚመች፣ በጣት ሥጋ የሚደረደር ነበር። የዛሬው «የኬልቶች ሃርፕ» የሚባለው የእርሱ ዘር ነው። በስኮትላንድ በ1931 የክላርሳኽ ማኅበር ተቋቋመ። በፈረንሳይ ብሪታኒ፣ ሃርፕ ከተረሳ ዘመናት ባለፈበት አገር፣ ዦር ኮሽቬሉ የተባለ አባት በ1953 ለ9 ዓመት ልጁ አንድ ሃርፕ ሠራለት። ልጁ አለን ስቲቬል በ1971 «የኬልቶች ሃርፕ ትንሣኤ» ብሎ ያወጣው ሸክላ ወጣቱን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አስታርቆ ሃርፕ አስወደደው። በአየርላንድም ትምህርቱ ተስፋፋ፤ ዩኔስኮ በ2019 የአየርላንድን ሃርፕ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የሽቦውን ሃርፕ በጥፍር የመምታቱን ሙያ ደግሞ አሜሪካዊቷ አን ሄይማንና ሌሎች ከ1970ዎቹ ወዲህ ከበንቲንግ ማስታወሻ እየለቀሙ፣ እየገመቱ እንደገና ገነቡት። ሄምፕሰን ከሞተ ከ160 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው! ከእርሱ አጠገብ አንድ ልጅ ቢቀመጥ ኖሮ ግምቱ ባላስፈለገ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም ስለ ዓርማ ስንጣላ የኖርን ሰዎች ነን። አንበሳ ይኑርበት፣ ኮከብ ይኑርበት፣ ልሙጡ ይሁን እያልን ስንት ማኅበር ለሁለት ከፍለናል። በገናውንም ለፖስተር እንወደዋለን። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ገና በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ተቀምጠው በገና ተማሩ። በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1980 ግን በደርግ ዘመን ትምህርቱ ተቋረጠ። ያም ሆኖ እርሳቸው በቤታቸው ስለደረደሩና ስላስተማሩ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ሄምፕሰን ያጣው ይህንን ነው።

ስደተኛው ደርዳሪስ? በዐቢይ ጾም አንድ ቀን እንጠራዋለን፤ ፎቶ አብረነው እንነሳለን፤ የታክሲውን እንኳ ሳንከፍል «እግዜር ይስጥልን» ብለን እንሸኘዋለን። ዛሬ በሁሉም ኪስ ውስጥ መቅረጫ አለ። ሲቀረጽ ታዲያ ካሜራው ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጣቱን ያሳይ፤ ቅኝቱን እንዴት እንደሚያስተካክል፣ አንጀቱን እንዴት እንደሚያከር፣ እንዚራውን የት እንደሚያስገባ እየተናገረ ይቀረጽ። ከሁሉም በላይ አንድ ልጅ አጠገቡ ይቀመጥ፤ መምህሩም እንደ ፒያኖ አስተማሪ በየወሩ ይከፈለው። ማኅበሮቻችን ለአዳራሽ ኪራይና ለባንዲራ ማሰፊያ ገንዘብ አያጡም። ከዚያው ላይ ለደርዳሪው ይቆረጥለት።