አስሟን ጸለይንላት፣ ሐዘኗን ግን ገሠጽነው

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የምንኖር ሰዎች ስለ አለርጂ ብዙ አንጨነቅም። «ሳይነሴ ተነሣብኝ» እንላለን፣ «ብርድ ነው» እንባላለን፣ በዚያው ያልፋል። ስለ ድባቴ ደግሞ ጨርሶ አናወራም። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ አንዱም ሌላውን ከዓመት ወደ ዓመት ሊያከብደው እንደሚችል ያስተማረችን አንዲት እህታችን ናት። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኳን እንድንጽፍ ግን ፈቅዳልናለች።

እህታችን አስም አለባት። በመስከረም ሣሩና አበባው ሲያብብ ዐይኗ ይቀላል፣ ማስነጠሱ አያቆምም። ከኅዳር ጀምሮ በየአውድማው እህል ሲወቃ የጭዱ ብናኝ ደረቷን ይዘጋዋል። በክረምት ደግሞ ከብርዱ የተነሣ በሩን ዘግታ በኩበትና በጭራሮ እንጀራ ትጋግራለች፤ ጭሱ መውጫ የለውም። ታዲያ መቼ ይሻላታል ብላችሁ ቁጠሩት።

መጀመሪያ ስናውቃት ሳቂታ ዘማሪ ነበረች። በሁለተኛው ዓመት አንዳንድ እሑድ መቅረት ጀመረች። በሦስተኛው ሌሊት ሳል እየቀሰቀሳት ተቀምጣ ማደር መጣ። ቀጥሎ መዘምራኑን ተወች፣ ምግብ አስጠላት፣ ሰው ሲመጣባት ትሸሻለች። አንድ ቀን «ጸሎት አፌ ውስጥ አመድ ሆነብኝ» አለችን።

እኛስ ምን አደረግን? ለአስሟ እጅ ጭነን ጸለይን። ሐዘኗን ግን ገሠጽነው። ነህምያ ስለ ደስታ የተናገረውን እየጠቀስን «እምነትሽ የት ሄደ?» አልናት። አንዳንዶቻችን መንፈስ ነው እስከ ማለት ደረስን። ፓፉን ከሳበች በኋላ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቧም ሲደልቅ አይተን «ይኸው ተገለጠ» ያልን ሰዎች ዛሬ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ሳልቡታሞል የተባለው መድኃኒት እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ማንም የጤና ባለሙያ በሁለት ደቂቃ ይነግረን ነበር። አልጠየቅንም።

ኋላ ላይ ከመካከላችን ያለች አንዲት ነርስ አስቀምጣ አስረዳችን። አለርጂ ማለት ሰውነታችን የማይጎዳውን ነገር፣ የአበባ ብናኝን ወይም የቤት አቧራን፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ነው። ውጊያው በአፍንጫና በደረት ብቻ አይቀርም። ያን ጊዜ ሰውነት የሚለቃቸው ኬሚካሎች በአእምሮም ላይ ይሠራሉ። ጉንፋን ሲይዘን ለሦስት ቀን የሚሰማንን ድካምና መጨፍገግ አስቡት፤ ያ ስሜት ለወራት፣ በየዓመቱ ሲመላለስ ሰውን ምን ያደርገዋል? በዚያ ላይ የእንቅልፍ ማጣት አለ። በተለያዩ አገሮች ብዙ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶች አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ድባቴ በዝቶ እንደሚታይ አሳይተዋል። መንገዱም ወዲያና ወዲህ ነው፤ የደበተው ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ቀጠሮውን ያሳልፋል፣ አስሙም ይብስበታል። አለርጂ ያለበት ሁሉ ይደበታል ማለት ግን አይደለም፤ አብዛኛው አይደበትም።

ነርሷ አንድ ነገር ጨመረችልን፤ እናንተም ያዙት። ሞንቴሉካስት የሚባል ለአስምና ለአለርጂ የሚታዘዝ እንክብል አለ። እህታችን አልወሰደችውም፣ የሚወስዱ ወገኖች ግን አሉን። መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ድባቴና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጣ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል። ይህን እየወሰደ ጠባዩ የተለወጠበት ሰው ቢኖር ጓዳ ገብቶ ራሱን አይውቀስ፤ ሳይዘገይ ለሐኪሙ ይንገር።

«መንፈሳዊውን ነገር ወደ መድኃኒት አወረዳችሁት» የሚሉን ወንድሞች አሉ። እኛ ፈውስን አንክድም፤ ዛሬም እንጸልያለን። ግን 1ኛ ነገሥት 19ን እንደገና አንብቡት። ኤልያስ ከክትክታው በታች ሞቱን ሲለምን መልአኩ አንድም የተግሣጽ ቃል አልተናገረውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተኛ፤ መልአኩ እንደገና ቀሰቀሰውና ዳግመኛ አበላው። እግዚአብሔር «ምን ታደርጋለህ» ብሎ የጠየቀው ከእንቅልፉና ከእንጀራው በኋላ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። እኛ ጥያቄውን አስቀደምን፣ እንጎቻውን ረሳነው። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ድካም ሲመክረው እምነቱን አልመረመረም። ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል፤ አልወቀሰውም።

ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ሕመም ሲባል የሚታሰበን አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር፤ ያ ደግሞ ከዚህ ሩቅ ነው፣ ስሙም ያስፈራናል። ዛሬ ስለ ድባቴ በቅርብ ያለ የጤና ተቋምም መጠየቅ ይቻላል። እህታችን ሄዳ ጠየቀች፤ ከእኛ ሁለቱ አብረዋት ሄዱ። አሁን ለሁለቱም ሕመም ትታከማለች።

እኛም አንዳንድ ነገር ቀይረናል። አዳራሹን በደረቁ መጥረግ ትተን ውኃ ረጭተን እንጠርጋለን። ወንበሯ በመስኮቱ በኩል ነው። አዳር ጸሎት ላይ ለምን አልመጣሽም የሚላት የለም። ኅዳር 12 ላይ ኅዳር ሲታጠን፣ ያው የ1911ዱ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፣ ጎረቤቶቿ ቆሻሻውን ራቅ አድርገው እንዲያቃጥሉት ለመንናቸው። እሺ አሉን፤ እንዲያውም አንዲት ሙስሊም ጎረቤቷ ቀድማ አስባበት ነበር፣ ከእኛ በፊት። ለምርት ምድጃ የሚሆን ገንዘብም እያዋጣን ነው፤ ገና አልሞላም።

ዛሬም የምትቀርባቸው እሑዶች አሉ። ያን ጊዜ ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዷ እንጀራውን ትጋግርላታለች፣ አንዷ አብራት ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት ዘምሪልን አላልናትም። ቡና ልናፈላ ስንነሣ ግን የሚቆላው ቡና ጭስ እንደሚያስላት ነገረችን። ስንት ዓመት ቤቷ ቡና ስንቆላ ዝም ብላን ኖራለች። ሻይ ጠጣን።