ይደር

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ውብ ቃል አለው፤ «ይደር»። ዳኛ ያልጨረሰውን ነገር በይደር ያቆየዋል፤ ባለጉዳዩም ነገን ተስፋ አድርጎ ይሄዳል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ይደርን የእምቢታ ማለስለሻ አድርገውታል።

መሐንዲስነትን የሚመኙ ወጣቶች የሚጎርፉበት ኤም አይ ቲ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ቀድመው ካመለከቱት 12,563 ተማሪዎች 661 ብቻ ተቀበለ። 8,051ዱን በይደር አቆየ። በማርች መጨረሻውን ሲያስታውቅ የተቀበላቸው በጠቅላላ 1,300 አልሞሉም። በቀሩት ጥቂት መቶ ቦታዎች ላይ ደግሞ ከ15 ሺህ በላይ አዲስ አመልካቾች ነበሩ። (ስሌቱ ሊቅ አይሻም።)

ከሦስት ባለጉዳይ ሁለቱን ያህል በይደር የሚያሰናብት ችሎት፣ አመዘነ ሳይሆን «አይሆንም» ማለትን ሸሸ እላለሁ። እናት «እምቢ አላሉትም እኮ!» ብላ ትጽናናለች፤ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅም ክረምቱን ሙሉ ደብዳቤ ሲጠብቅ ይባጃል። በይደር ቆይተው የገቡ መኖራቸው እውነት ነው። ስለዚህ በፌብሩዋሪ የሚጠየቀውን ቅጽ ይሙላ፣ የመንፈቅ ውጤቱን ይላክ። ከዚያ በላይ ግን አንዲት ሌሊት እንኳ አያባክንባቸው፤ የብዙዎቹ ሌሎች ኮሌጆች ማመልከቻ በጃንዋሪ መጀመሪያ ይዘጋል።