ዝምተኛው መንገድ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተውኔት ጽፌ ለመድረክ አቀረብሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የገጠር መምህር ሲሆን በየማለዳው ቢስክሌቱን እየነዳ በወንዝ ዳር መንገድ ወደ ትምህርት ቤቱ ይጓዛል። ልምምዱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የዝግጅቱ ኃላፊ ጠሩኝና፣ «ቢስክሌቱን በመኪና ብንተካው ምን ይመስልሃል? ጀግናው በቢስክሌት ከመጣ ተመልካች ይንቀዋል» አሉኝ። ተከራከርሁ፤ ተሸነፍሁ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ በሚሰማ የሞተር ድምፅ ታጅቦ ገባ። ተመልካቹም አጨበጨበ። እኔ ግን ያን ሌሊት ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፦ በገዛ እግሩ ኃይል የሚጓዝ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ለጀግንነት የማይበቃው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ የግል ቅሬታ አይደለም። ኃላፊው የተናገሩት የራሳቸውን ሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍሁት ነበር። ነገር ግን አባባላቸው በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየመምህራን ክበቡና፣ ይበልጥ በሚያሳፍር ሁኔታ፣ በእኛ በከያኒዎቹ መካከል ሥር የሰደደ አመለካከት ነው። አመለካከቱም ሁለት ፊት አለው። አንደኛው፣ ቢስክሌት የድኻ መጓጓዣ ስለሆነ ዕድገት ሲመጣ መጥፋት አለበት ይላል። ሁለተኛው፣ ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ ባዶ መንገድ ስለሆነ ወይ መኪና ይሙላው፣ ወይ ለጎብኚ ይከለል ይላል። ሁለቱም የሚነሡት መንገዱን በመኪና መስኮት ከማየት ነው።

ነገሩን አየር ላይ ላለመተው አንድ የማውቀውን መንገድ ልጥራ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ በመከተል ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ለያዘ ሰው ይህ ርቀት የአንድ ወሬ ዕድሜ ነው። በቢስክሌት ግን፣ አቀበቱንና ቁልቁለቱን፣ ጎማ የሚለጠፍበትንና ውሃ የሚጠጣበትን ጊዜ ጨምሮ፣ የሁለት ሰዓት ተኩል ጉዞ ነው። በዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተጓዡ ከተማው አልቆ ማሳው የሚጀምርበትን ቦታ በሽታው ያውቀዋል። የዳጉሳውን ማሳ ከጤፉ፣ የሸንኮራውን ከበቆሎው ይለያል። አንዳሳ ሲደርስ፣ የፎገራ ከብት ዝርያ የሚጠበቅበትን የምርምር ጣቢያ ሲያልፍ፣ የላሞቹን ድምፅ ይሰማል። ወደ ፏፏቴው ሲቃረብ ደግሞ በ17ኛው ምእተ ዓመት በድንጋይና በኖራ የተሠራውን የአላታን ድልድይ ያገኛል። ያ ድልድይ ሲሠራ ሊያሻግር የታሰበው እግረኛንና አጋሰስን እንደነበር ልብ ይሏል።

ይህ መንገድ ጸጥ ያለ ነው። ግን ባዶ ነውን? በገበያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የተጓዘበት ሰው እንዲህ አይልም። እህል የጫነች አህያ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ጫማውን በእጁ ይዞ የሚሮጥ ተማሪ፣ ሞፈርና ቀንበር የተሸከመ ገበሬ መንገዱን ሞልተውታል። ጸጥ ያለው ሰው ስለሌለበት ሳይሆን የሰው ድምፅ ስለሚሰማበት ነው። በቢስክሌት የሚያልፍ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ሳይሰማ አያልፍም። መኪናው ሰላምታ የለውም፤ የሚሰጠው አቧራውን ነው።

«ቢስክሌት የድኻ ነው» ለሚሉት መልሴ ታሪክን ያስታውሱ የሚል ነው። ባሕር ዳር የቢስክሌት ከተማ የተባለችው በድኽነቷ ሳይሆን በሥራዋ ነው። በ1953 ዓ.ም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት፣ በ1955 ዓ.ም ፖሊ ቴክኒኩ ሲቋቋም፣ ሜዳማውን ከተማ ሠራተኛውና ተማሪው በቢስክሌት ሞሉት። ቢስክሌት ደመወዝ የሚበላ ሠራተኛ የገዛው፣ ካቴናውን በገዛ እጁ የሚያጠብቀው፣ ነዳጅ የማይለምን ንብረት ነበር። ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949ኙ የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቹ ጎን ቢስክሌተኞች ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባም በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ ጨርሷል። የሯጮቻችንን ስም ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስለ ቢስክሌተኞቹ ግን ስንት ግጥም ተጻፈ? ስንትስ ተውኔት ተሠራ?

አንድ ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ምጥ የያዛትን ሴት በቢስክሌት ታወርዳታለህን? ማዳበሪያውንስ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ አላወርዳትም። አምቡላንሱም የጭነት መኪናውም ወደ ሸለቆው መግባት አለባቸው። እኔ መኪና ይቅር አላልሁም። ያልሁት ለሁለት መኪና ተብሎ የሚሰፋው መንገድ ለሺህ እግረኛ የሚሆን ዳር ይኑረው ነው። መንገድ ሲታቀድ ቁጥር የሚያዘው ለተሽከርካሪ ብቻ ከሆነ፣ ተማሪዋና ባለ አህያው ከዕቅዱ ውጪ ቀሩ ማለት ነው። ከዕቅድ ውጪ የቀረም ሰው ከአስፋልቱ ውጪ፣ ቦይ ውስጥ፣ መሄዱ አይቀርም።

ወረቀት አልጠፋም። በ2012 ዓ.ም ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ሀገር አቀፍ የ10 ዓመት ስልት ወጥቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም በባሕር ዳር የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛና ለቢስክሌት መስመር ተበጅቶለታል። መልካም ነው። ግን ይህ መስመር ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ወዴት ይሄዳል? 380 ሜትር የተከበረ ሰው በቀጣዩ 30 ኪሎ ሜትር የማይከበርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሸለቆውን ለጎብኚ ብቻ ማዘጋጀት ለሚሹት ደግሞ የዳኑቤን ወንዝ ምሳሌ ላንሣ። ከፓሳው እስከ ቪየና ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው የቢስክሌት መንገድ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ክፍሉ ለሽርሽር የተቀየሰ አልነበረም፤ ፈረሶች ጀልባን ከወንዙ ሽቅብ በገመድ የሚጎትቱበት የሥራ መንገድ ነበር። ቢስክሌተኛው በሠራተኛው ዱካ ላይ መጣ፤ በመንደሩ አለፈ፤ ዳቦውን ከመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ገዛ። ከዚህ የምንማረው መንገዱን ማጠር እንደማይገባ ነው። ገበሬው ከመንገዱ ተገፍቶ ለጎብኚ የተከለለ ሸለቆ መልክ እንጂ ሕይወት አይኖረውም።

ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። ጢስ ዓባይ ራሱ ይህን ያስተምረናል። 45 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ፣ በተለይ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ውሃው ወደ ተርባይኑ እየዞረ በበጋ የቀጠነበት ዘመን ነበር። ያ ዝምታ በዋጋ የተገዛ ነው፤ መብራት ሰጥቶናልና አልረግመውም፤ ዋጋው ግን ይታወቅ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የፍርሃት ዝምታ ነው። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ሰው ከደጁ ለመውጣት የሰጋባቸው፣ ገበያተኛ የቀረባቸው፣ ተማሪ ያልታየባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። እነዚያም ጸጥ ያሉ ናቸው። እንዲህ ያለውን ጸጥታ ሰላም ብሎ የሚጠራ ከያኒ ብዕሩን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። እኔ የምሟገትለት ጸጥታ አንዲት ልጅ ብቻዋን ቢስክሌቷን እየነዳች ትምህርት ቤት ደርሳ የምትመለስበት ጸጥታ ነው። አንድ ሸለቆ ሰላም መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ከሌላው በፊት ራሴን ልክሰስ። እኔም ስለ ዓባይ ገጥሜአለሁ። ወንዙን ግርማ፣ ቁጣ፣ እናት፣ ከዳተኛ ብዬዋለሁ። ያን ሁሉ ስጽፍ ከድልድይ በላይ ሆኜ ከማየት በቀር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በጎኑ ተጉዤ አላውቅም ነበር። በኋላ በተዋስሁት አሮጌ ቢስክሌት ስወርድ፣ ሊሾ የሆነ ጎማዬ ፈንድቶ አንድ እረኛ ልጅ ሲያግዘኝ፣ «ወንዙን ትወደዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከብት ያጠጣል፤ ክረምት ግን ያስፈራል» አለኝ። በግጥሞቼ ሁሉ ውስጥ ይህን ያህል እውነት አልነበረም።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ካድሬው ወደ ቀበሌው ስብሰባ ሲወርድ፣ ሰላም ባለበት ሁሉ፣ አንድ ቀን እንኳ መኪናውን ትቶ በቢስክሌት ይሂድ፤ ከስብሰባው ይልቅ መንገድ ላይ ብዙ ይሰማል። መምህሩ ጂኦግራፊን በወንዙ ዳር ያስተምር፤ የሙያ ትምህርት ቤቶችም ቢስክሌት መጠገንን እንደ ቁም ነገር ይያዙት። የመንገድ መሐንዲሱ ለእግርና ለፔዳል ዳር ይተው፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ ያስተክል፤ በመንደር መካከል የመኪናን ፍጥነት ይግታ። ከያኒውም የማያውቀውን ወንዝ ማወደሱን ያቁም።

ተውኔቴ በድጋሚ ለመድረክ እንዲቀርብ ጠይቄአለሁ። በዚህ ጊዜ መምህሩ በቢስክሌት ይገባል፤ ካልሆነ አይገባም። «ተመልካች ይንቀዋል» የሚል ካለ ክርክሩን በዚሁ ገጽ ላይ ያቅርብ፤ እመልስለታለሁ።