ኮምፒውተሩ ያነባል፤ እኛ ነን ያልከፈትነው



እዚህ አቃቂ ቃሊቲ ዓይነ ስውር ወጣት ኮምፒውተር ልማር ብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ለእናንተ የሚሆን መሣሪያ የለንም» ነው።

መሣሪያው ግን አለ፣ ያውም በነፃ። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ኦልትን፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤስን አንድ ላይ ተጫኑ። ኦርካ የተባለው ስክሪን ሪደር ተነስቶ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ማንበብ ይጀምራል። የሚገዛ ላይሰንስ የለም፣ ክራክ ፍለጋም የለም። ዴቢያን የሚባለው ደግሞ ገና ሲጫን ይናገራል። ፍላሹን ሰክታችሁ ስታስነሱት ኤስን ነክታችሁ ኢንተር በሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥያቄ እያነበበ ያስጭናችኋል። ዓይነ ስውሩ ማንንም ሳይለምን ኮምፒውተሩን ራሱ ያዘጋጃል ማለት ነው። ሃንድአውት የሚያነብለት ሰው ሲያፈላልግ ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አማርኛው ላይ ችግር መኖሩ እውነት ነው። ኦርካ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ኢስፒክ ኤንጂ በሚባል ፕሮግራም ነው። አማርኛ በውስጡ አለ፤ ድምፁ ግን የቆርቆሮ ነው። ደግሞ ዐረብኛ ሸዳ አለው፣ የእኛ ፊደል ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲጻፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳለን፤ ማሽኑ ከየት ያምጣው?

በዚህ የተነሳ «እስኪሻሻል ይቆይ» የሚሉ አሉ። ማን እስኪያሻሽለው? የኢስፒክ የአማርኛ አነባበብ ደንቦች ጊትሃብ ላይ ለማንም ክፍት የሆኑ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ወንድምና እህቶች፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሆቴል ማኔጅመንት ሲስተም መሥራት አልሰለቻችሁም? ቁርኣንን በጆሮው ሰምቶ የሐፈዘ አንድ ዓይነ ስውር አጠገባችሁ አስቀምጡ። መጥበቅ ያለበት ላልቶ ሲነበብ ከሁላችሁም ቀድሞ ይይዘዋል።

ቀጣሪዎችም ብትሆኑ፣ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንድታመቻቹ ያስገድዳችኋል። ለዚህ ሶፍትዌር ደግሞ የሚወጣ ብር ስለሌለ «በጀት የለንም» አይሠራም።

ማሠልጠኛ ያላችሁ፣ ለጊዜው አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ኡቡንቱ ጫኑበት፣ ኢርፎን ሰኩበት፣ ባለፈው የመለሳችሁትንም ልጅ ደውላችሁ ጥሩት።