ብድሩ ሩቅ፣ አራጣው ጎረቤት



ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዳንድ አባላት «ሰው አራጣ የሚበደረው ስለማያስብ ነው፤ ብድር ቤቱ እንደሆነ ለሁሉም ክፍት ነው» ሲሉ ተሰምተዋል። አባባሉ ስሕተት ስለሆነ በዝምታ አናልፈውም።

ክፍትስ ክፍት ነው። ግን የት? በሁለት ታክሲ ተሳፍረን የምንደርስበት ቦታ ነው። እስቲ እናስላው። አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ለጤፍ መግዣ 3,000 ብር ፈለገች እንበል። ለመመዝገብ፣ ከዋሶቿ ጋር ለመፈረም፣ ገንዘቡን ለመቀበል፣ ከዚያም በየወሩ ለመክፈል ስትመላለስ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ትሄዳለች። ደርሶ መልሱ 60 ብር ቢሆን 360 ብር ታክሲ ይወስደዋል። ከመቶ 12 ማለት ነው! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። እሷ ግን ያንኑ ያህል ለመንገድ ብቻ ከፈለች፤ ወለዱ ገና ነው። ምጣዷ ቀዝቅዞ የዋለበትን ቀን አልቆጠርንም።

አራጣ አበዳሪው ግን ከአጥሩ ማዶ ነው። ማታም ቢንኳኳ ይከፍታል። በወር ከመቶ 10 ሲላት በዓመት ከመቶ 120 መሆኑን አጥታው አይደለም። አራጣ በወንጀል እንደሚያስቀጣም ሰምታለች። ግን ልጅ ታሞ ማን ስድስት ጊዜ ይመላለሳል? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት እዚህ ላይ መርዝ ሆነብን።

«ስልክ አለላቸው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር መበደር ተችሏል። ነገር ግን የሚፈቀደው ብር የሚለካው በስልኩ ላይ በተንቀሳቀሰው ገንዘብ ነው። ጉሊት ተቀምጣ በጥሬ ብር የምትሸጠዋ ምን ታሳይ?

እኛ የምንለው አጭር ነው። በባንግላዴሽ አገር ግራሚን ባንክ ለድሆች ሴቶች ያበደረው ሠራተኞቹን በየሳምንቱ ወደ መንደር እየላከ ነው። የእኛም ብድር ቤት በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ ወደ እድራችን አዳራሽ ይላክልን። ጠረጴዛና ወንበሩን እኛ እናቀርባለን። ማመልከቻው ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው የእናንተ ፊርማ ነው። እሑድ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ አዳራሹ እየመጣችሁ ፈርሙ።

ተበዳሪውን መውቀስ ይቁም! ብድሩ ወደ ሰፈር ይምጣ!

የማኅበሩ ጸሐፊ