ያቺ ክሬም ኮስሞቲክስ አይደለችም፣ ሆርሞን ናት



ከጥቂት ወራት በፊት እዚሁ ጅግጅጋ ተረኛ ሆኜ አንዲት ወጣት መጣች። "ዶክተር፣ ድካም ብቻ ነው፣ ግሉኮስ ይሰቀልልኝና ልሂድ" አለችኝ። ገና በሃያዎቹ ውስጥ ናት፤ ግፊቷም ስኳሯም ግን ከፍ ብሏል። ፊቷ ክብ ብሎ አብጧል፣ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን ደም ስሮች ይታያሉ፣ ክንዷ ላይ ሸንተረር አለ። የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ምንም። የምትቀቢውስ? ሳቀች። "እሱማ ክሬም ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም" ብላ ከቦርሳዋ አወጣችው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ "ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ መላ ሰውነቷን ስትቀባው ኖራለች።

ክሎቤታሶል ምንድን ነው? ከኩላሊታችን በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ክሎቤታሶል የእሱ ዘመድ ነው፤ በፋብሪካ የተሠራ፣ ጉልበቱም እጅግ የበረታ። ቆዳ ላይ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ ከኃይለኞቹ ተርታ ነው።

ሆርሞን በደም ተጭኖ ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ የሚሰማው ግን ለዚያ ሆርሞን ተቀባይ ያለው ሴል ብቻ ነው። ቴሌግራም ለሌለው ሰው በቴሌግራም ብትጽፉለት እንደማይደርሰው ማለት ነው። ኢንሱሊንን ብንወስድ፣ ሴሉ ውስጥ አይገባም፤ ተቀባዩ ውጪ በር ላይ ስላለ መልእክቱን እዚያው ይሰጣል። ኮርቲሶልና ዘመዶቹ ግን በስብ የሚሟሙ ስለሆኑ የሴሉን ግድግዳ አልፈው ይገባሉ። ውስጥ ካለው ተቀባይ ጋር ተጣምረው እስከ ኒውክለሱ ድረስ ይዘልቁና የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚለውን ይወስናሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኮርቲሶል ተቀባይ የሌለው ሴል የለም ማለት ይቻላል። ቆዳ ላይ ደም ስር ያጠባል፣ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ያዳክማል፤ "ቀላሁ" የሚባለው ያኔ ነው። ያው መልእክት ቆዳውን ያሳሳል። ወደ ደም የገባው ደግሞ ጉበትን ስኳር አምርት ይለዋል፣ አጥንትን ያሳሳል። "ፊቴ ላይ ብቻ ሥራ" ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ፊት ራሱ ቀላል በር አይደለም፤ በአንድ የታወቀ የ1967 ጥናት ግንባር ከክንድ 6 እጥፍ፣ የመንጋጋ ጥግ ደግሞ 13 እጥፍ ስቴሮይድ አስገብቷል።

አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪም ትሰማለች። "ኮርቲሶል ሞልቷል" ብላ አድሬናልን ማዘዝ ትተዋለች፤ አድሬናል ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ሰፊ የሰውነት ክፍል ለወራት የቀባችሁ ሰዎች፣ ዛሬውኑ ጣሉት አልላችሁም። በድንገት ሲቆም ማስታወክ፣ ከባድ ድካም፣ ግፊት ወርዶ ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። ቲዩቡን ይዛችሁ ኑ፤ አቋቋሙን አብረን እንወስን።

አሁን የግሌን ልናገር። ልጆቹን "ምን አቀላሽ፣ ጥቁረትሽ ምን ጎደለው" እያልን መገሠጽ ሰልችቶኛል። እናቶቻችን ቀሲልና ሁሩድ ተቀብተው ሲዋቡ ማንም አልተቆጣቸውም፤ መዋብ ነውር አይደለም። ነውሩ ሆርሞን ከሻምፑ አጠገብ ተደርድሮ መሸጡ ነው። ክሎቤታሶል በሐኪም ማዘዣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በፕላስቲክ ዕቃ ተቀላቅሎ ስም ሳይለጠፍበት የሚሸጠውማ ምን እንዳለበት ሻጩም አያውቅም። ባለሥልጣኑ መደርደሪያውን ይፈትሽ፣ ነጋዴውም ይጠየቅ።

እኛም አንቀርም። ለችፌ እጽፈዋለሁ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ወረፋው ሲበዛ "ቀቢው" ብለን ስንት ቀን እንደሆነ ሳንናገር የሸኘናቸው ስንት ናቸው? ጭርት ላይ ሲቀባ ለጊዜው አስታግሶ ውስጥ ውስጡን እንደሚያስፋፋውስ ለስንቱ ነገርን?

ልጅቷ አሁን በስፔሻሊስት ክትትል ላይ ናት፣ ስኳሯ እየወረደ ነው። ባለፈው ስትመጣ ታላቅ እህቷን አስከትላ ነበር። እህትየው ምንም ሳትናገር ቦርሳዋን ከፍታ ሦስት ቲዩብ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች።